የእህቴን በሽታ ስቀልብ

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ «ላብራቶሪ ነኝ» ብዬ አልፋለሁ። ደም ቀድቼ የምመረምር ይመስለዋል፤ ይምሰለው። እውነቱን ተናገሪ ካሉኝ ግን ሥራዬ የእህቴን በሽታ መቀለብ ነው። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ማታ ስወጣ በረደው ወይስ ሞቀው ብዬ የማረጋግጠው እሱን ነው። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ቤቱ ዶሮ ሲበላ እኔ ታክሲ ይዤ ሄጄ አበላዋለሁ። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። ሲስቅ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ሆስፒታል አጠገብ ባለ የምርምር ላብራቶሪ፣ የደም ካንሰር ስቴም ሴሎችን አሳድጋለሁ። እርስ በርሳችን «እናትየዋ» እንላታለን፤ ሌላው ሴል ሁሉ የሚወለደው ከእሷ ነውና። ጤነኛ ሰው መቅኔ ውስጥ ደህናዎቹ እናቶች ደም ሲወልዱ ይኖራሉ። ሉኬሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ በያዘው ሰው መቅኔ ውስጥ ግን አንዷ ትከፋና ለምንም የማይረባ ነጭ ሴል ስትፈለፍል ውላ ታድራለች። የእህቴ ዓይነቱ ሉኬሚያ ኪኒን አለው። ኪኒኑ ልጆቹን ይፈጃቸዋል፣ ደሙ ንጹሕ ይሆናል፣ ሰውየውም ድኛለሁ ይላል። እናትየዋ ግን አጥንት ውስጥ ተኝታለች፤ ኪኒኑ ደግሞ የተኛችውን አይነካትም። ለዚህ ነው በየቀኑ የሚዋጠው፣ ለዚህም ነው እኛ እሷን ይዘን ተኝታ ሳለች የምትገደልበትን መንገድ የምንፈልገው። ለመግደል ደግሞ መጀመሪያ በሕይወት ማቆየት ግድ ነው።

ማቆየቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባዶ ዕቃ ላይ አትተኛም፤ ከሥሯ ሌሎች ደጋፊ ሴሎች አልጋ እንዲሆኗት ቀድመን እናነጥፋለን። ኢንኩቤተሩ የሰው ገላ ሙቀት መያዝ አለበት። አየሩ እንኳ እንደ ውጭው ሲሆን አይስማማትም፣ አጥንት ውስጥ እንዳለው ስስ መሆን አለበት። ምግቧ ቀይ ፈሳሽ ነው። ሙሉውን አንቀይርባትም፣ ትደነግጣለች፤ ግማሹን እንቀዳና ግማሹን አዲስ እንጨምራለን። ካጠገብናት ደግሞ ጉድ ይፈላል። ዝም ብላ ትወልድ ትወልድና እናትነቷ ያልቃል፣ የምታድግበት ጠርሙስ፣ ፍላስኩም፣ በማይረባ ልጅ ይሞላል። እንዳትጠግብም እንዳትራብም አድርጎ መያዝ ነው ሙያው። እኔ ለዚህ ሥራ እጅ አለሽ ይሉኛል።

መብራት ሲጠፋ ከወንበሬ ሳልነሳ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ከግቢው ማዶ ባለው የሕሙማን ክፍል ግን ነርሶቹ በስልክ መብራት ደም ሥር ሲፈልጉ በመስኮት አያለሁ። የእህቴ በሽታ ጨለማ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እህቴ ላሊበላ ላይ ወር ከወር በሻማ ስታመሽ፣ መንገድ ተዘግቶ ጨው ሲጠፋ፣ ስልክ ተቆርጦ ትኑር ትሙት ሳላውቅ፣ በሽታዋ እዚህ በበረዶ ታሽጎ ከውጭ አገር የመጣ ቀለብ ይበላ ነበር። ማን ላይ ልናደድ? ሥራው ልክ ነው፣ ጄኔሬተሩም ልክ ነው፣ ቀለቡም ልክ ነው። ልክ መሆኑ ራሱ ያናድደኛል።

እህቴ የታመመችው ይህንኑ ሥራ ልማር ውጭ አገር በሄድኩበት ጊዜ ነው። ታላቄ ናት። ላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መውጫ ላይ ነጠላ፣ መስቀልና ጧፍ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ሰውነቷ እያለቀ ሆዷ በግራ በኩል ገፋ። ጎረቤት አረገዘች ብሎ አማ፤ ለካ ጣፊያዋ ነው። አባታችን ይዘዋት አዲስ አበባ ገቡ። ከዳሌዋ አጥንት መቅኔ ተቀዳ፣ ሉኬሚያ ነው ተባለ፣ ኪኒኑም በነፃ ተጀመረላት። ከመቅኔው ጥቂት ለምርምር እንዲወሰድ በሽተኛው ይጠየቃል፤ ፈርማለች ተባልኩ። ስመለስ የእህቴ መቅኔ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ናሙና ቁጥር እንጂ ስም የለውም። የሚያክማት ሐኪም ግን ያውቀኝ ነበርና የትኛው እንደሆነ ሹክ አለኝ።

የስንት ሰው ናሙና አምጥተን አብዛኛው እጃችን ላይ ጠፍቶብናል። የእህቴ ግን ያዘ። የላብራቶሪው ኃላፊ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክሎ «ጎበዝ ናት፤ እንደሷ ያለ አላየሁም» አለ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩና ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ አበጠ። እህቴን የሚበላት ነገር በእጄ አድጎ «ጎበዝ» ተባለልኝ፤ ምን ይባላል ይሄ?

ከዚያ መድኃኒቱን ሰጥተን ማየት ጀመርን። ሙሉውን መጠን ስንሰጥ ልጆቹ ይረግፋሉ፣ ፍላስኩ የታጠበ ይመስላል። መድኃኒቱን አጥበን ስናወጣው ከሳምንታት በኋላ ከሥር፣ ከአልጋው ውስጥ፣ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ይላሉ። ግማሽ መጠን ስንሰጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የሚሞተው ይሞትና የቀረው መድኃኒቱን ይለምደዋል። አንዴ ከለመደው በኋላ ሙሉውን ብታፈሺበትም ንቆሽ ይኖራል። ይህን በመጽሐፍ ያነበብኩት አይደለም። በእህቴ ሴሎች ላይ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ኪኒኑን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ እየተቀበልኩ የምልክላት እኔ ነበርኩ። አውሮፕላን ሲኖር በአውሮፕላን፣ ሳይኖር በኩልመስክ መንገድ በመኪና በሚያልፍ ሰው እጅ። ስልክ በሠራ ቁጥር «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» እላታለሁ። «በየቀኑ» ትለኛለች። «ደሙስ?» «ደህና ነው፣ ተመስገን።» የበሽታውን ስም እሷም አትጠራው፣ እኔም አልጠራው። እኛ አገር ማን ይጠራዋል? «ያ ነገር» ነው የሚባለው፤ እሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ስለዚህ ታውቃለች ብዬ ኖርኩ። አዋቂ ሴት ናት፣ ሐኪም ቤት በእግሯ ሄዳለች፣ አጥንቷን ተወግታለች። በሽታዋን ሳትሰማ ተመለሰች ብዬ ከየት ልጠርጥር?

ጣፊያዋ ሟሸሸ፣ ሱቋን ከፈተች፣ ገላዋ ተመለሰ። የጎረቤታችንን ሴት ልጅ ክርስትና አነሳሁ ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ላሊበላ የተመረመረችው ደም ውጤት መጣና ሐኪሙ ደወለልኝ። ነጭ ሴሉ እንደገና እየጨመረ ነው።

«ወይ መድኃኒቱ አልሠራ ብሏታል፣ ወይ በትክክል እየወሰደች አይደለም» አለ። «መድኃኒቱ ከሆነ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋታል። እሱ ደግሞ አሁን አገር ውስጥ የለም። ሂጂና በዓይንሽ እዪ።»

ሄድኩ። አውሮፕላኑ ላይ ተቀምጬ ስጸልይ የነበረውን ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። እህቴ ሰንፋ እንድትገኝ ነበር የምጸልየው። ረስታ፣ ሰልችቷት፣ ጸበል ጀምራ ኪኒኑን ትታ እንድትሆን። ካልዋጠችው ተስፋ አለ፤ ሙሉውን ትጀምራለች፣ ደሟም ይስተካከላል። እየዋጠች ከሆነ ግን ነገሩ አበቃ።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ አፋፉ ላይ ነው። አባቴ ወደዚያ ለሚሄድ ምዕመንና ፈረንጅ በቅሎ ያከራያሉ፤ ፈረንጁ ከቀረ ቆይቷል። ሌላም ሥራ አላቸው፣ ክፍያ የሌለው። መርዶ ነጋሪ ናቸው። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ሽማግሌ አሰባስበው ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ወዲህ ወዲያ ያወራሉ። ሰውየው ራሱ ልቡ እንዲጠረጥር አድርገው፣ ቀስ ብለው ያረዱታል። እንደሳቸው የሚያረዳ የለም ይባላል፤ ከሩቅ፣ ከነኮን እንኳ መጥተው የወሰዷቸው ጊዜ አለ።

እህቴ ደጅ ወጥታ አቀፈችኝ። እያቀፍኳት በግራ ጎኗ እጄን ሰደድኩ። ከጎድን አጥንቷ ሥር ጣፊያዋ ተመልሷል። «ምን ትደባብሺኛለሽ፣ የምትገዢው በግ አደረግሽኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ገና ሳልቀመጥ ኪኒኑን አሳዪኝ አልኳት። አወጣችው።

«እየዋጥሽ ነው?»

«ስንቴ ልንገርሽ? በየቀኑ ነው። አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

እህቴ አትዋሽም። ሱቋ ውስጥ እንኳ ለፈረንጅ ነጠላው በማሽን የተሠራ ነው ብላ ተናግራ ገበያ የምታባርር ሴት ናት። እየዋጠችው ነው፣ ነጭ ሴሉ ግን እየጨመረ ነው፤ እንግዲያው መድኃኒቱን ለምዶታል፣ ሌላው ደግሞ አገር ውስጥ የለም። መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ሕፃኗን ታቅፋ ገባች፤ እህቴ ክርስትና ያነሳቻትን ልጅ ማለት ነው። ስማኝ ቀና ስትል ፊቷን አየሁት። የሁለቱም ዓይኖቿ ቆብ እንደ ሊጥ አብጧል።

«ዓይንሽን ምን ነካው?» አልኳት።

«የጥጋብ ነዋ» አለች እየሳቀች። «ዕድሜ ለእህትሽ።»

አባቴ ከጥግ ሆነው «ወዟ ተመለሰ እኮ» አሉ።

ወዝ አይደለም። የዓይን ቆብ እንዲያ የሚያብጠው ያ ኪኒን ሲጀመር ነው። የእህቴም መጀመሪያ ሰሞን በላከችልኝ ፎቶ ላይ ልክ እንዲያ ነበር። «እህቴ ምን አደረገችልሽ?» አልኩ።

«ከመድኃኒቷ ታካፍለኛለች እንጂ! ስወልድ ደሜ ፈስሶ አልቆ አልነበር? ሐኪም ቤት ደም ማነስ ነው አሉኝ። የእሷም ደም ማነስ፣ የእኔም ደም ማነስ። እየሰበርን ግማሽ ግማሹን ነው።»

«እኔማ ተሽሎኛል» አለች እህቴ። «ግማሹ ይበቃኛል። የክርስትና ልጄ እናት እንዲያ ገርጥታ እያየሁ መድኃኒት ታቅፌ ልቀመጥ? ደግሞስ አንቺው አይደለሽ እያተረፍሽ የምትልኪልኝ።»

ደም ማነስ። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ በሩን አሻግረው በቅሎዎቹን ያያሉ። ገባኝ። ስለ እህቴ በሽታ አጎቶቼ ያውቃሉ፣ የንስሐ አባቷ ያውቃሉ። አዲስ አበባ የላብራቶሪያችን ጽዳት ሠራተኛ ያውቃል፤ አይቷት የማያውቅ ፈረንጅ ተመራማሪ እንኳ የሴሏን ጠባይ አንድ በአንድ ያውቃል። የማታውቀው ባለበሽታዋ ብቻ ናት። እንዲህ ነን እኛ። የታመመውን ከበን ተቀምጠን፣ እሱ ብቻ እንዳይሰማ በዓይን የምንነጋገር ሰዎች ነን። ይህንንም ፍቅር እንለዋለን።

አባቴን ወደ በቅሎዎቹ ይዣቸው ወጣሁ። ልጅ አባቱን ክንዱን ይዞ አያወጣም፤ እኔ ግን አወጣሁ።

«አልነገሯትም» አልኩ።

«ምኑን ልንገራት? ብነግራት ትወድቅብኛለች። ስንቱን አርድቼ ስንቱ ሲወድቅ አይቻለሁ። አንዷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቀርታለች። ሰውን በሽታ አይገድለውም፣ ቃል ነው የሚገድለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ሐኪሙስ እንዴት ዝም አለ?»

«እኔው እነግራታለሁ ብዬ ማልኩለት። እሷን ውጭ አስቀምጬ እኔ ሰማሁ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አልነበር?»

«እሱ ለራሱ ለሚደብቅ ነው» አሉ። አባቴ ተረት አጥተው አያውቁም።

«ሲካፈሉ አላዩም? ይህን ሁሉ ጊዜ አላዩም?»

የበቅሎዋን ልጓም አጠበቁ፣ ደግሞ አላሉት። «አየሁ» አሉ በመጨረሻ። «ምን ብዬ ልከልክል? ከከለከልኩ ለምን ትለኛለች።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ ልክ አላገኘሁለትም። የሚወዷት ልጃቸው መድኃኒቷን ስትከፍል ቁጭ ብለው አይተዋል። የምታጠባ ሴት የካንሰር መድኃኒት ስትውጥ አይተዋል። ይህን ሁሉ አንድ ቃል እንዳይወጣ ብለው። ኪኒኑ የጎረቤታችንን ደም ጭራሽ እንደሚያሳንሰው፣ ለምታጠባ ሴትም ክልክል እንደሆነ፣ ግማሹ ለእህቴም ከምንም እንደሚብስ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ደነገጡ። ደንግጠው ያመጡት መፍትሔ ግን ሌላ ውሸት ነው። «ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም በያት» አሉኝ። «ያንቺን አዲስ አምጥቻለሁ በያትና ሙሉውን ትዋጥ።»

«እነግራታለሁ።»

«ብትነግሪያት በይምርሐነ ክርስቶስ ገዝቼሻለሁ።»

ግዝት እፈራለሁ። ተምሬያለሁና ግዝት አልፈራም የሚል የላስታ ልጅ ካለ ዋሽቷል። ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ሕፃኗ ከጎረቤት ቤት ስታለቅስ ተሰማኝ፤ እናቷም ልታጠባት ተቀምጣ ይሆናል ብዬ ሳስብ እግሬ ራሱ ወደ እህቴ ይዞኝ ገባ።

ጎረቤታችን ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። እህቴ የሱቅ ነጠላዎቿን ታጥፋለች። ዙሪያውን አልዞርኩም፤ በአባቴ ጥበብ መዞር አስጠልቶኝ ነበር። «እታለም፣ ደም ማነስ አይደለም» አልኳት። «የደም ካንሰር ነው። ይህ ኪኒን የሱ ነው። ሰርዶ ታውቂ የለ? ቅጠሉን ብታጭጂው ማሳው ንጹሕ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ታች አለ። በየቀኑ ካላጨድሽው ይመለሳል። ግማሽ ግማሹን ስትወስጂ ደግሞ ሥሩ ማጭዱን ይለምደዋል። ደምሽ እየተበላሸ ነው።»

አልወደቀችም። እጇ ነጠላው ላይ ቆመ እንጂ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እሷ የዋጠችው በጡቷ ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

ነጠላውን ወርውራ ወጣች። ጎረቤት ቤት ስደርስ ሁሉን ነግራት ጨርሳ ነበር። «የካንሰር ነው፣ አላወቅኩም፣ ጊዮርጊስን አላወቅኩም» ትላለች። ሴትዮዋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ጨምቃ ይዛ እኔን አየችኝ። ትሞትብኛለች ወይ አለችኝ። አትሞትም፣ ዛሬውኑ አቁሚ፣ ነገ ሆስፒታል እወስዳችኋለሁ አልኳት። በማግስቱ ወሰድኳቸው። ሕፃኗን አይተው ደህና ናት አሉን፤ ለእናቲቱም የብረት ኪኒን ሰጧት። የደም ማነስ መድኃኒት እሱ ነው። እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ በሽ በሽ ነበር።

ያን ዕለት ግን የተረፉትን ግማሽ ኪኒኖች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ስንመለስ፣ እህቴ መንገድ መሐል ቆመች።

«ያ ከዳሌዬ የወሰዱትስ?»

«እኔ ጋ ነው» አልኩ። «እዚያ ነው የምሠራው። በሽታሽን ነው የማሳድገው፣ እንዴት እንደሚገደል ልናውቅ።»

«ትቀልቢዋለሽ?»

«እቀልበዋለሁ።»

«እኔ ግማሽ ኪኒን ስውጥ እሱ ሙሉ ራት ይበላል በይኛ» አለች። ሳቅም አይደል፣ ልቅሶም አይደል። «ፈርሜያለሁ ነው ያሉሽ? አባዬ ናቸው እዚህ ላይ ፈርሚ፣ ለደም ማነሱ ነው ያሉኝ። ፈረምኩ።»

ሳታውቂ የፈረምሽው አይቆጠርም፣ ካልፈቀድሽ ነገ ደውዬ ሁሉንም አስደፋዋለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር። የዓመታት ሥራዬ ቢሆንም፣ ኃላፊው ቢያባርረኝም፣ አስደፋው ነበር። እህቴ የነጠላዋን ቋጠሮ አጠበቀች።

«ተዪው» አለች። «አሁን ፈቅጃለሁ። ግን ሰው አድርገሽ አታሳድጊው፤ ግደዪው።»

«እየሞከርኩ ነው።»

«ሞክሪ እንግዲህ።»

መድኃኒቱን ለምዶታል ወይስ ገና ነው፣ ያን ማታ ማንም አያውቅም። የሚታወቀው ሙሉውን እየዋጠች ወራት ከቆየች በኋላ ነው። ይህንንም ነገርኳት። ከእንግዲህ የምደብቃት ነገር አልነበረኝም።

ቤት ስንገባ አባቴ መደቡ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። እህቴ አልተቀመጠችም።

«ይንገሩኝ፣ አባዬ» አለች።

«እህትሽ ነግራሽ የለ።»

«የእሷን ሰምቻለሁ። አገሩን ሁሉ አርድተዋል። የኔን ከእርስዎ አፍ እሰማለሁ።»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር…» ብለው እንደ ለመዱት ከሩቅ ጀመሩ።

«አይዙሩብኝ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ለኔ ብለው ሕፃን በእጄ ሊያስገድሉኝ ነበር። ስሙን ይንገሩኝ።»

«ካንሰር ነው» አሉ። «የደም ካንሰር።» ይህን ብለው በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ያዙ። እህቴ ቀጥ ብላ እንደቆመች ነበረች።

ሙሉውን ኪኒን ከዕቃው አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ «ውኃ ይቅዱልኝ» አለቻቸው።

አባቴ በዚያ ቤት ውኃ ቀድተው አያውቁም። እንኳን ለልጃቸው፣ ለራሳቸውም። ተነሱ። ኩባያ የት እንደሚቀመጥ አያውቁምና ወዲያ ወዲህ ሲሉ ወደ እኔ አዩ። አጠገቤ ነበር፤ አላቀበልኳቸውም። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ፈልገው አገኙት። ጀሪካኑን አጋድመው ቀዱ፣ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጧት።

እህቴ ዋጠችው። ውኃውን ጨርሳ ጠጣችና ኩባያውን መለሰችላቸው።

«ነገም በዚህ ሰዓት ይቅዱልኝ» አለች። «በየቀኑ ነው አሉ፤ እስክሞት ድረስ።»